የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ወታደራዊ አብራሪ ለመሆን ድፍረት ይበቃል?

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ሲሆን፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከቢሾፍቱ አቅጣጫ የሚመጣውን የጄት ድምፅ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ምኞቴ የአየር ኃይል አብራሪ መሆን ነው። አጎቴ ግን «በሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀምጠው ያዞሩሃል፤ ያስታወከ ይባረራል፣ ያልፈራ ያልፋል» ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ አየር መንገዱ ከሚያስተምረው በምን እንደሚለይ ይጠይቁኛል። ሥልጠናው ምን ይመስላል? ከአሁኑስ ምን ላዘጋጅ?
ዮ.፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ አጎትህ የነገሩህ ጨርሶ ፈጠራ አይደለም፤ የሚሽከረከረው ወንበር በአቪዬሽን ሕክምና ውስጥ በእርግጥ አለ። ዋነኛ ጥቅሙ ግን ፈሪን ከደፋር መለየት ሳይሆን፣ ሚዛናችንን የሚጠብቀው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል እንዴት እንደሚያሳስት ለሠልጣኙ በገዛ አካሉ ማሳየት ነው። ዓይንህን ሸፍነህ ወንበሩ በእኩል ፍጥነት ሲዞር ጥቂት ከቆየህ የቆመ ይመስልሃል፤ በእውነት ሲቆም ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ መዞር የጀመርህ ይመስልሃል። ደመና ውስጥ የገባ አብራሪም እንዲሁ አውሮፕላኑ በአንድ ክንፉ አጋድሎ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚበር ሊመስለው ይችላል። በዚያን ጊዜ የሚያድነው የራሱን ስሜት ችላ ብሎ ከፊቱ ያሉትን መሣሪያዎች ማመን ነው፤ ይህ ደግሞ የሚመጣው በልምምድ ነው። በእኔ አስተያየት ስለዚህ ሙያ ከሚወራው ሁሉ እጅግ የተጋነነው የድፍረት ነገር ነው። ከበረራ ሥልጠና የሚሰናበት ሠልጣኝ ብዙውን ጊዜ የፈራ ሳይሆን ትምህርቱ በሚሄድበት ፍጥነት መራመድ ያቃተው ነው፤ የነገው በረራ የዛሬውን ትምህርት እንደታወቀ ቆጥሮ ስለሚጀምር ወደኋላ የቀረ ሰው ማካካሻ ጊዜ ያጥረዋል።

የጓደኞችህን ጥያቄ ባጭሩ ልመልስ። የአየር መንገዱ ትምህርት ቤት ዓላማ መንገደኛንና ጭነትን በሰላም የሚያደርስ አብራሪ ማፍራት ነው። በአየር ኃይል ግን ከሁሉ አስቀድመህ ወታደር ትሆናለህ፤ በመሠረታዊ ውትድርናና በመኮንንነት ትምህርት ታልፋለህ፣ የአገልግሎት ግዴታ ትገባለህ፣ ምድብህንም አንተ አትመርጠውም። ጄት እያሰበ የገባ ሰው በትራንስፖርት አውሮፕላን ወይም በሄሊኮፕተር ላይ ሊመደብ ይችላል፤ ሁለቱም ቢሆኑ የበታች ሥራ አይደሉም። በደብዳቤህ ውስጥ ጦርነት የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አለማየቴ ግን አሳስቦኛል። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ በኤፍ 5 ጄት የሶማሊያን ተዋጊ አውሮፕላኖች በመጣል ስማቸው የሚነሣው ጄኔራል ለገሠ ተፈራ፣ በዚያው ጦርነት ተማርከው ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተዋል። ይህን የማነሣው ላስፈራራህ አይደለም፤ ፊርማህን ከማኖርህ በፊት ከቤተሰብህ ጋር ቁጭ ብለህ ልትነጋገርበት የሚገባ ነገር ስለሆነ ነው።

ወደ ሥልጠናው ስንመጣ፣ አውሮፕላኑ በየዘመኑ ቢቀያየርም የማስተማሪያው ቅደም ተከተል ብዙ አልተለወጠም። ወደ አገራችን የመጣው የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ያረፈው እዚሁ አዲስ አበባ ዳር በገፈርሳ ሜዳ ላይ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊም ብዙም ሳይቆዩ በውጭ አገር መምህራን ሥር ሠልጥነው ወጡ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት ቢሾፍቱ ላይ ትምህርቱ ሲጀመር ሠልጣኞች የሚነሡት ሳፊር ከምትባለው ትንሽ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነበር። ዛሬም የሚቀድመው የክፍል ትምህርት ነው፤ የአየር እንቅስቃሴ ሕግጋት፣ ሞተር፣ የአየር ጠባይ፣ የአቅጣጫ ስሌትና የሬዲዮ ንግግር ትማራለህ። ከዚያ በፕሮፔለር ማሠልጠኛ ላይ መነሣት፣ ማረፍና ብቻን መብረር ይመጣል። በየአብራሪው አፍ «ሶሎ» የሚባለው ይህ የብቻ በረራ ነው። ከሶሎ በኋላ አክሮባት፣ በመሣሪያ ብቻ መብረርና በቡድን መብረር ይከተላሉ። ለተዋጊ ጄት የሚመረጡት ደግሞ እንደ ኤል 39 ወዳለ የጄት ማሠልጠኛ ይሸጋገራሉ፤ በዚህ አውሮፕላን ሠልጣኙ ከፊት፣ አስተማሪው ከኋላ ይቀመጣሉ።

አየር ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ግን ከሥልጠናው ትንሹ ክፍል ነው። ማታ ወደ ሠልጣኞች ማደሪያ ብትገባ አንዱ ካርቶን ላይ የሣለውን የኮክፒት (የአብራሪው መቀመጫና መሣሪያዎች ያሉበት ክፍል) ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ በአልጋው ጠርዝ ተቀምጦ ልታገኘው ትችላለህ። ቀኝ እጁ ስቲክ የተባለውን የመሪ ዘንግ የያዘ ይመስል ጭኖቹ መሐል ነው፤ ግራ እጁ ስሮትል የተባለውን የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያ እንደሚገፋ ወደፊት ይሄድና ይመለሳል። ዓይኑን ጨፍኖ «ፍጥነት፣ ከፍታ፣ ጎማ ወርዷል፣ ሦስት አረንጓዴ» እያለ ለራሱ ያነበንባል (ሦስቱ አረንጓዴ ጎማዎቹ መውረዳቸውን የሚያሳዩ መብራቶች ናቸው)፤ መንደርደሪያውን እንደሚፈልግ አንገቱን ወደ ግራ ያዞርና ከማማው ጋር እንደሚነጋገር ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ላየው ሰው ያስቃል። ነገር ግን የማግሥቱን በረራ ሦስት አራት ጊዜ በአልጋው ላይ የበረረ ልጅ አየር ላይ ሲወጣ እጁ ሥራውን ስለሚያውቅ አእምሮው ለማሰብ ነፃ ይሆንለታል። የአደጋ ጊዜ እርምጃዎችም የሚጠኑት ቃል በቃል ነው፤ ለምሳሌ አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ መውደቅ ቢጀምር በብዙ ማሠልጠኛዎች ላይ ስሮትሉን መመለስ፣ ስቲኩን መሐል ማድረግ፣ ራደሩን (በእግር የሚታዘዘውን የጅራት መሪ) በሽክርክሪቱ ተቃራኒ እስከ መጨረሻው መርገጥ፣ ቀጥሎም ስቲኩን ወደፊት መግፋት ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉን ለማስታወስ የሚያስብ ሰው ዘግይቷል።

ከበረራ በኋላ የሚደረገው ግምገማ ለብዙ ወጣቶች ከበረራው የከበደ ይሆናል። አስተማሪው ነጭ ሰሌዳው ላይ መስመርህን እየሣለ፣ የት እንዳዘገምህ፣ የትኛውን የሬዲዮ ጥሪ እንዳላዳመጥህ አንድ በአንድ ያነሣል፤ ምክንያት መደርደር አይረዳህም። በትምህርት ቤቱ አንደኛ ይወጣ የነበረና ታርሞ የማያውቅ ልጅ እዚህ ላይ ሲሰበር፣ መካከለኛ ውጤት የነበረው ግን የተነገረውን ጽፎ በማግሥቱ አስተካክሎ የሚመጣው ይቀድመዋል።

የእኛ አገር የራሱ የሆነ ፈተናም አለው። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደር ይፈልጋል፣ ሲያርፍም የፍጥነት መለኪያው ከሚያሳየው ይልቅ እውነተኛው ፍጥነት ከ10 በመቶ በላይ ይበልጣል። ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ከመሬት የሚነሣው ሙቅ አየር አውሮፕላኑን ስለሚያንገጫግጨው ለጀማሪ የሚመቸው ማለዳው ነው። ጄት ላይ ስትደርስ ጂ የሚባለው የስበት ጫና ይጨመራል። በ5 ጂ ጊዜ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 300 ኪሎ የሆነ ያህል ወንበሩ ላይ ይጫናል፤ ደም ከራስ ወደ እግር ስለሚወርድ መጀመሪያ ቀለማት ይደበዝዛሉ፣ ቀጥሎ እይታ ይጠብባል፣ ከዚያም ራስን መሳት ይመጣል። መከላከያው ጂ ሱት የተባለው እግርንና ሆድን የሚያጠብቀው ልብስና፣ ጭንንና ሆድን አጥብቆ ትንፋሽን በየ3 ሰከንዱ ቶሎ የመቀየር ዘዴ ነው። ስለዚህ ሩጫ ብቻ አይበቃህም፤ የእግርና የሆድ ጡንቻህንም አጠንክር።

ከአሁኑ አዘጋጅ የምልህ ሂሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ነው፤ በተለይ እንግሊዝኛን ሰምቶ ወዲያው መመለስን ተለማመድ፤ ሬዲዮው ደግሞ እስኪገባህ አይጠብቅህም። የተቦረቦረ ጥርስ ካለህ አሁኑኑ አስጠግን፤ ከፍታ ላይ ግፊቱ ሲቀንስ የሚነሣው የጥርስ ሕመም ቀላል አይደለም። ከጫትና ከሲጋራ ራቅ። የኮምፒውተር የበረራ ጨዋታ ስለ መሣሪያዎቹ ጥቂት ያስተምርህ ይሆናል፤ ነገር ግን ከመስኮት ውጭ ከማየት ይልቅ ስክሪን ላይ መፍዘዝን ስለሚያለምድ በመጠኑ ይሁን። የመግቢያ መስፈርቱን ከምልመላው ማስታወቂያ ራሱ አንብብ፤ «ገንዘብ ክፈልና ላስገባህ» የሚል ደላላ ከመጣ አጭበርባሪ መሆኑን እወቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ የበረራ ሠልጣኝ ነው። ለዕረፍት ሲመጣ ዝምተኛ ሆኖብኝ ስጠይቀው፣ አየር ላይ እንደሚያስመልሰውና አንድ ፈተና እንደወደቀ ነገረኝ። ጾም ደግሞ አጥብቆ ነው የሚጾመው። እንዲተወው ልምከረው?
እናት፣ ከገላን

መልስ፦ እመቤቴ፣ እንዲተወው አይምከሩት፤ ገና ነው። የአየር ላይ ማቅለሽለሽ የሚመጣው ዓይን የሚያየውና ጆሮ የሚሰማው እንቅስቃሴ ሲጋጭ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ በረራዎች የተለመደ ሲሆን አብዛኛው ሠልጣኝ ሰውነቱ እየለመደ ሲሄድ ይተወዋል። አውሮፕላኑን ራሱ ሲያበርም ዝም ብሎ ከተቀመጠበት ጊዜ ያነሰ ያቅለሸልሸዋል። ሊያደርጉት የማይገባዎት ነገር ከፋርማሲ የማቅለሽለሽ ክኒን ገዝቶ መስጠት ነው፤ ብዙዎቹ ስለሚያስተኙ ያለ በረራ ሐኪም ፈቃድ ወስዶ መብረር አደገኛ ነው። አንድ ፈተና መውደቅም የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም፤ በተለመደው አሠራር ተጨማሪ በረራ ይሰጠዋል፣ ሌላ አስተማሪም ያየዋል። ቢሰናበት እንኳ ለአውሮፕላን ጥገና ወይም ለበረራ መቆጣጠሪያ ዓይነት ሙያ የሚበቃ ዕውቀት ይዟል።

ስለ ጾሙ ያነሡት ግን በጣም ተገቢ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚበር ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ስኳርና ውኃ ስለሚቀንስ ጂ የተባለውን የስበት ጫና የመቋቋም አቅሙ ይወርዳል፣ ማቅለሽለሹም ይብስበታል። ጉዳዩን ከነፍስ አባቱና ከክፍሉ ሐኪም ጋር ይነጋገርበት፤ ለብቻው የሚወስነው ነገር መሆን የለበትም። ሌላም ትንሽ ነገር ልጨምርልዎት። በ18,000 ጫማ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ ግማሽ ስለሚወርድ በአንጀት ውስጥ ያለ ጋዝ እጥፍ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ በበረራ ዋዜማ ባቄላ፣ ሽሮና ቆሎ ባይበዛበት ይሻላል፤ ለዕረፍት ሲመጣ ግን የፈለገውን ይሥሩለት። ስልክ ሲደውልም «አለፍክ ወይ?» ከማለትዎ በፊት እንቅልፍ መተኛቱን ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ መነጽር አደርጋለሁ። ሴት ደግሞ ነኝ። ተስፋ አለኝ?
ከለገጣፎ

መልስ፦ ሴት መሆንሽ እንቅፋት አይሆንም፤ ስቲኩን የሚገፋው እጅ የወንድ ይሁን የሴት አውሮፕላኑ አይለይም፣ በብዙ አገሮችም ሴቶች ተዋጊ ጄት ያበራሉ። ለአጭር ሰው ግን የወንበሩና የፔዳሉ ርቀት ጉዳይ ስለሚሆን ተቀምጠሽም ቆመሽም ቁመትሽን ተለኪ። የመነጽሩ ነገር የሚወሰነው በምርመራው ነው፤ ለተዋጊ ጄት የሚጠየቀው የእይታ ደረጃ ከሲቪሉ የጠበቀ ስለሆነ የመነጽርሽን ቁጥር ጽፈሽ ያዢ። ከዚያ በፊት ግን ወደ ዓይን ሐኪም ሂጂና ኢሺሃራ በተባለው፣ ባለ ነጠብጣብ ክቦች ውስጥ ቁጥር በሚነበብበት ሰሌዳ የቀለም እይታሽን አስመርምሪ። የቅርብና የሩቅ እይታ በመነጽር ሊስተካከል ሲችል፣ ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር ግን ስለማይስተካከል ውጤቱን ከምዝገባው በፊት ማወቅ ይጠቅምሻል።