«ኦኬ» እና «እሺ» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጅ አለኝ። እናቴ «ውሃ አምጣልኝ» ስትለው «ኦኬ» ብሎ ይሄዳል። እሷ ቅር ይላታል፤ «እንደ እኩያው መለሰልኝ» ትላለች። እኔ ደግሞ «ያው እሺ ማለት እኮ ነው» እላታለሁ። ማናችን ነን ልክ? ቃሉስ ከየት መጣ? አንድ የሥራ ባልደረባዬ «በጦርነት ጊዜ ‹የሞተ የለም› ለማለት ዜሮና ኬ (‹ኪልድ›፣ ማለትም ‹የተገደለ› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ፊደል) ይጻፍ ነበር፤ መነሻው እሱ ነው» ብሎኛል። በአማርኛ ሲጻፍስ «ኦኬ» ነው ወይስ «ኦኬይ»?

መልስ፦ ከታሪኩ ልጀምር። የባልደረባዎ ወሬ በብዙ ቦታ ይነገራል፤ ማስረጃ ግን የለውም። ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጋር ነው። ያ ጦርነት የተጀመረው በ1861 ነው (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ቃሉ ግን ከዚያ 22 ዓመት ቀድሞ ጋዜጣ ላይ ታትሟል።

ጋዜጣው ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ነው፤ ቀኑም ማርች 23፣ 1839። በዚያን ጊዜ የቦስተን ጋዜጠኞች አንድ ፋሽን ይዟቸው ነበር። ሐረግ ያሳጥራሉ። ከማሳጠራቸው በፊት ደግሞ ሆን ብለው አጻጻፉን ያበላሹታል። «ኦል ራይት» የሚለው ሲያጥር ኤ እና አር መሆን ነበረበት። እነሱ ኦ እና ደብልዩ አደረጉት። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉም ልክ ነው» የሚለውም ኤ እና ሲ መሆን ሲገባው ኦ እና ኬ ሆነ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው በጆሮው የሰማውን እንደጻፈው አድርገው አንባቢን ለማሳቅ ነው።

እንዲህ ዓይነት ምህጻር ብዙ ነበር። አብዛኛው ፋሽኑ ሲያልፍ አብሮ ጠፋ። ኦኬን ያተረፈው ምርጫ ነው። በ1840 ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ለሁለተኛ ጊዜ ይወዳደሩ ነበር። የትውልድ ቦታቸው በኒው ዮርክ ግዛት ያለች ኪንደርሁክ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ደጋፊዎቻቸው «ኦልድ ኪንደርሁክ»፣ የኪንደርሁኩ ሽማግሌ እንደማለት፣ ብለው ይጠሯቸው ጀመር። የዚህ መነሻ ፊደሎችም ኦ እና ኬ ናቸው። በኒው ዮርክ ደጋፊዎቻቸው «ኦኬ ክለብ» አቋቋሙ። ተቃዋሚዎች ደግሞ ሌላ ወሬ አስወሩ፤ ከቫን ቢዩረን በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ፊደል ስለማይችሉ ወረቀት ሲያጸድቁ የሚጽፉት እንዲህ ነው አሉ። ቫን ቢዩረን በምርጫው ተሸነፉ። ቃሉ ግን በዚህ ሁሉ ንትርክ መሐል አገሩን አዳረሰ። በኋላም የቴሌግራፍ ሠራተኞች «መልእክቱ ደርሷል» ለማለት ተጠቀሙበት፤ አጭር ነውና ተመቻቸው።

ይህን ሁሉ ከአሮጌ ጋዜጦች ፈልፍሎ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ነው። ጥናቱ በ1963 እና በ1964 ታተመ። ከዚያ በፊት መላ ምቱ ብዙ ነበር። አንዱ ቃሉን ቾክቶ ከሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ያመጣዋል። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ይህን አምነው ቃሉን «ኦኬህ» በሚያሰኝ ፊደል ይጽፉት ነበር። ሌላው ከምዕራብ አፍሪካ ከዎሎፍ ቋንቋ ነው ይላል። ግሪኮች ደግሞ «ሁሉ መልካም» ለማለት «ኦላ ካላ» ስለሚሉ የእኛ ነው ይላሉ። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ግን ዝምድናን አያረጋግጥም። ይህን አጥብቄ የምናገረው የአማርኛ ቃላትን ምንጭ ስንፈልግም በዚሁ ወጥመድ ስለምንወድቅ ነው።

አሁን ወደ ቤትዎ ጉዳይ ልምጣ። እናትዎ የሰሙት ነገር አለ። «እሺ» መልስ ነው። አንድ ሰው ጠይቆ፣ አዝዞ ወይም ለምኖ፣ ሌላው ፈቃዱን ሲሰጥ የሚወጣ ቃል ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺ» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ፈቃድ ከገንዘብ ይበልጣል ማለት ነው። እሺታ፣ እሺ ባይ፣ እሺ አሰኘ፣ ሁሉም ከዚህ ይወጣሉ። በእርግጥ ሌላ ሥራም አለው። ባለሱቁ «እሺ፣ ምን ልስጥዎ?» ይላል፤ ሰብሳቢው «እሺ፣ እንጀምር» ይላል። ልቡ ግን ፈቃድ ነው።

«ኦኬ» ሰፋ ይላል። መልስም ነው፣ የነገር ሁኔታ መግለጫም ነው። «ምግቡ ኦኬ ነው» ይባላል፤ «ምግቡ እሺ ነው» ግን አይባልም። «ኦኬ ነኝ» ይባላል፤ «እሺ ነኝ» የሚል የለም። ስለዚህ «ያው እሺ ማለት ነው» ያሉት ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው። ሁኔታን ለመግለጽ ደግሞ አማርኛ አልቸገረውም። ከሕመም ላገገመ ሰው «ደህና ነኝ» አለ። እምብዛም ላልጣመን ምግብ «ምንም አይልም» አለ። ባንወደውም ለምንቀበለው ነገር «ይሁን» አለ። እነዚህ ሦስቱ ሦስት የተለያየ ስሜት ናቸው። ኦኬ ሁሉንም በአንድ ይጠቀልላቸዋል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ልጅዎ አልተሳደበም። ለጓደኛው «ኦኬ» ቢል ምንም ነውር የለውም። ለአያቱ ግን «እሺ እማማ» ብሎ እንዲመልስ ቢያስለምዱት ደስ ይለኛል። ለታላቅ የሚሰጥ መልስ ከመጠሪያው ጋር ሲሆን ክብሩ ይታያል። ደረቁን «ኦኬ» ብሎ ዞር ማለት ለአንድ ትልቅ ሰው ቸልታ ሊመስል ይችላል። እናትዎም የከፋቸው በዚህ ይመስለኛል።

ቢሮ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። «ሥራ አስኪያጁ ኦኬ ብሎታል» ሲባል ምን አደረገ ማለት ነው? ፈረመ? በቃል ፈቀደ? ወይስ አይቶ ዝም አለ? በቃለ ጉባኤና በደብዳቤ «አጽድቆታል» ወይም «ፈቅዷል» ይጻፍ። በኋላ ክርክር ቢነሳ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በአማርኛ በተዘጋጀ ስልክና ኮምፒውተር ላይ የኦኬው ቁልፍ «እሺ» ተብሎ ተተርጉሟል። ጥሩ ትርጉም ነው፤ መሣሪያው ጠይቆ እኛ ፈቃድ እየሰጠን ነውና።

አጻጻፉን በተመለከተ «ኦኬ» ይበቃል። ፊደሉን ራሱን በአማርኛ «ኬ» ነው የምንለው፤ መጨረሻ ላይ «ይ» መጨመር አያስፈልግም። በነጥብ ከፋፍሎ መጻፍም አያሻም፤ ቃሉ ምህጻር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል።