የአንድ ዓመቱ የእንግሊዝ ወይስ የሁለት ዓመቱ የፈረንሳይ? በውጭ አገር ፋይናንስ ለመማር ለተዘጋጀችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቀሽ በአንድ የግል ባንክ የብድር ትንተና ክፍል ሦስት ዓመት ሠርተሻል። በእጅሽ ሁለት የመቀበያ ደብዳቤ አለ፤ አንዱ እንግሊዝ አገር የአንድ ዓመት የፋይናንስ ማስተርስ፣ ሌላው ፈረንሳይ የሁለት ዓመት። በደረጃ ሰንጠረዥ የእንግሊዙ ይበልጣል። ምኞትሽ ለንደን ውስጥ ኢንቨስትመንት ባንክ (ኩባንያዎች ገንዘብ ሲያሰባስቡና ሌላ ኩባንያ ሲገዙ የሚያማክር ባንክ) መግባት ነው። ቤተሰቦችሽም ለክፍያው ኮንዶሚኒየማቸውን ሊሸጡ ተነሥተዋል።

ፈረንሳይ ተምሬ፣ ፓሪስ ውስጥ በሥራ ልምምድ አልፌ፣ አሁን ለንደን ውስጥ ለኃይል ማመንጫ ፕሮጀክቶች በሚሰጥ ብድር ላይ እሠራለሁ። ባጭሩ የእኔ መልስ፦ ሁለት ዓመቱን ምረጪ፤ ቤቱ ግን አይሸጥ። ምክንያቴ ከትምህርት ቤቶቹ ስም ጋር ብዙም አይገናኝም።

ትልቁ ነገር ጊዜው ነው። የለንደን ትልልቅ ባንኮች አብዛኛውን ጀማሪ ሠራተኛ የሚመርጡት ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ለ10 ሳምንት ያህል በልምምድ ካዩዋቸው ተማሪዎች መካከል ነው። የዚያ ልምምድ ማመልከቻ የሚከፈተው ደግሞ ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ብዙዎቹ ባንኮች ማመልከቻውን እንደደረሳቸው እያዩ ቦታውን ስለሚሞሉ፣ ድረ ገጹ ላይ የተጻፈውን የመዝጊያ ቀን አምኖ የሚጠብቅ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። እንግዲህ የአንድ ዓመቱ ተማሪ መስከረም ላይ ሻንጣውን ይዞ ሲደርስ ውድድሩ ተጀምሯል። የመጀመሪያውን ኮርስ ሳይጨርስ የቁጥር ፈተና ይፈተናል፤ ከኮምፒውተር ካሜራ ፊት ተቀምጦ ማንም በማይሰማው ክፍል ውስጥ ራሱን ያስተዋውቃል፤ የኩባንያን ዋጋ እንዴት እንደሚተምን ይጠየቃል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኸው ነው። ይባስ ብሎ በርካታ ባንኮች ለዚህ ልምምድ የሚፈልጉት ገና አንድ ዓመት ትምህርት የሚቀረውን ተማሪ ነው። በዚያ ዙር ካልተሳካ፣ በተማሪነት የሚሞከርበት ሁለተኛ ዙር የለም።

በፈረንሳይ ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄዳል። እዚያ የተለመደው የስድስት ወር ልምምድ ነው። ብዙ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ትምህርቱን ለአንድ ዓመት ያቆሙና ሁለት የስድስት ወር ልምምዶችን ተከታትለው ይሠራሉ። በሕጉ መሠረት ተለማማጅ ለመውሰድ ትምህርት ቤቱ፣ ኩባንያውና ተማሪው በአንድነት የሚፈርሙት ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ወረቀት ማንም አይወስድሽም። ወረቀቱን የምታገኚው ደግሞ ተመዝጋቢ ተማሪ ሆነሽ እስካለሽ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ዓመት ዋጋ ከሚሰጡት ኮርሶች ይልቅ በሚከፍትልሽ የልምምድ ጊዜ ይለካል። ፓሪስም ቢሆን የዋዛ ከተማ አይደለችም፤ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ እነ ጄፒ ሞርጋንና ባንክ ኦቭ አሜሪካ ከለንደን ብዙ የፋይናንስ ገበያ ሠራተኞቻቸውን ወደዚያ አዛውረዋል።

አንድ ነገር ግን አጣሪ። በፈረንሳይ በአንድ ትምህርት ቤት ስም ሥር የተለያዩ ዲፕሎማዎች ይሰጣሉ። እንደ ኤችኢሲ፣ ኤሴክ እና ኢኤስሲፒ ባሉት አንጋፋ የንግድ ትምህርት ቤቶች የፓሪስ ቀጣሪ "ግራንድ ኤኮል" የሚባለውን ዋናውን ፕሮግራም ከሌሎቹ ለይቶ ያያል። ደብዳቤሽ የየትኛው እንደሆነ በግልጽ ጠይቂ።

የፈረንሳይ ችግር ቋንቋው ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ በፓሪስ ባንኮች ግን ስብሰባውም የምሳ ጨዋታውም በፈረንሳይኛ ነው። አዲስ አበባ እስካለሽ ድረስ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ ተመዝገቢ፤ ከጉዞሽ በፊት የምታጠኚው እያንዳንዱ ወር ይጠቅምሻል።

ወደ ቪዛው ልምጣ። ብሪታንያ ከማስተርስ በኋላ የሁለት ዓመት የመቆያ ፈቃድ ትሰጥ ነበር፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ግን ወደ 18 ወር ዝቅ እንዲል ተወስኗል። ከዚያ በኋላ ለመቆየት ለቪዛሽ ስፖንሰር የሚሆን ቀጣሪ ያስፈልጋል፤ መደበኛው የደመወዝ ወለልም ከጁላይ 2025 ጀምሮ በዓመት 41,700 ፓውንድ ሆኗል፤ ለጀማሪዎች ዝቅ ያለ መጠን አለ። ፈረንሳይ ለማስተርስ ተመራቂ የ12 ወር የሥራ መፈለጊያ ፈቃድ ትሰጣለች።

የለንደን ማመልከቻ ስትሞዪ መጨረሻው አካባቢ "አሁን ወይም ወደፊት የቪዛ ስፖንሰር ያስፈልግዎታል?" የሚል ጥያቄ ይገጥምሻል። አዎ ወይም የለም ነው፤ ማብራሪያ መጻፊያ ቦታ የለውም። ሁልጊዜ እውነቱን መልሺ። ትልልቆቹ ባንኮች "አዎ" ስላልሽ አይደነግጡም፤ ትንንሾቹ ድርጅቶች ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያቆማሉ። የብሪታንያ መንግሥት ስፖንሰር የመሆን ፈቃድ ያላቸውን ቀጣሪዎች ሙሉ ዝርዝር በነጻ ያወጣል። ማመልከቻ ላይ ሰዓታት ከማጥፋትሽ በፊት የድርጅቱን ስም እዚያ ፈልጊ።

ስለ ደረጃ ሰንጠረዥ ብዙ አልልም። የለንደኑ ጋዜጣ ፋይናንሻል ታይምስ በሰንጠረዡ የሚያወጣው የደመወዝ ቁጥር ከምረቃ ሦስት ዓመት በኋላ ያለው ሲሆን፣ በየአገሩ የመግዛት አቅም ተስተካክሎ ወደ ዶላር የተለወጠ ነው፤ ባንክ ሒሳብሽ የሚገባ ገንዘብ አይደለም። ከሰንጠረዡ ይልቅ ሊንክድኢን ላይ የትምህርት ቤቱን ምሩቃን ክፈቺና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ከአውሮፓ ውጭ የሠሩትን ብቻ ለይተሽ ተመልከቺ። ዛሬ የት ናቸው? የምትወዳደሪው በእነሱ መንገድ እንጂ ፓስፖርቱና ቋንቋው በእጁ ባለ ልጅ መንገድ አይደለም።

ገንዘቡ እንዲህ ነው። ኮንዶሚኒየሙ የሚሸጠው በብር ነው፤ የሚከፈለው በፓውንድ ወይም በዩሮ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። የቤተሰብን ብቸኛ ቤት ለዚህ ማሲያዝ አይገባም። ቼቭኒንግ የተባለው የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ ግን ከትምህርቱ በኋላ ሁለት ዓመት ወደ አገርሽ መመለስ ግዴታ ነው፣ ስለዚህ ለንደን የመቅረት ዕቅድሽ ከእሱ ጋር አይሄድም። የፈረንሳይ መንግሥት የኤፌል ስኮላርሺፕ ወርኃዊ አበል ይሰጣል፣ የትምህርት ክፍያን አይሸፍንም፤ የሚያመለክትልሽም ራሱ ትምህርት ቤቱ ነው። ርካሽ አማራጭ ከፈለግሽ ጀርመን አለች፤ የማንሃይም ዩኒቨርሲቲ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡትን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ ከተመረቅሽም 18 ወር ሥራ መፈለጊያ ታገኛለሽ። ጀርመንኛ እንደሚያስፈልግሽ ግን አትርሺ።

አሁን ጥያቄሽ ውስጥ እንደ ተራ ነገር ጠቅሰሽ ወዳለፍሽው ልመለስ፤ የሦስት ዓመት የብድር ሥራሽ። በኢንቨስትመንት ባንኮች የኩባንያዎች ግዥና ውህደት ክፍል የምትወዳደሪው ሦስት ልምምድ ከሠራ የ22 ዓመት ልጅ ጋር ነው፤ እዚያ የአዲስ አበባ ልምድሽን የሚመዝንልሽ የለም። በብድር፣ በፕሮጀክት ፋይናንስና በልማት ፋይናንስ ተቋማት (በታዳጊ አገሮች ኩባንያዎች ላይ ገንዘብ በሚያፈሱት) ግን ቀድመሽ ትቆሚያለሽ። ከእነዚህ የልማት ተቋማት ለንደን ውስጥ ብሪቲሽ ኢንተርናሽናል ኢንቨስትመንት፣ ፓሪስ ፕሮፓርኮ፣ ሄግ ኤፍኤምኦ፣ ኮሎኝ ዲኢጂ አሉ። ብሪቲሽ ኢንተርናሽናል ኢንቨስትመንት የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ባለድርሻ ነው፤ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲም በ2023 እ.ኤ.አ. ገብቶበታል። አንድ ቡና ላኪ ብድር ጠይቆ ፋይሉ ጠረጴዛሽ ላይ ሲቀመጥ መያዣው መጋዘን በስንት እንደተገመተ፣ የኦዲት ሪፖርቱ ከታክስ መግለጫው ጋር ለምን እንደማይገጥም፣ የወጪ ንግድ ዶላሩ መቼ እንደሚገባ መርምረሻል። ይህን በቃለ መጠይቅ ላይ አንድ እውነተኛ ፋይል ወስደሽ፣ የደንበኛውን ስም ሳትጠሪ፣ ተናገሪ። እኔ ባለሁበት ክፍል ጠያቂዎች ጆሮ የሚሰጡት ለዚህ ዓይነቱ ወሬ ነው።

አገር ቤትም በር እየተከፈተ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ፤ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 የውጭ ባንኮች በአገሪቱ እንዲሠሩ ፈቅዷል። ቦታዎቹ ገና ጥቂት ስለሆኑ ዕቅድሽን በእሱ ብቻ አታስሪ። በአንድ ዓመት ጨርሰሽ ለመመለስ የምታስቢ ብትሆኚ ኖሮ ግን እኔም የእንግሊዙን እመርጥልሽ ነበር።

ለአሁኑ ለፈረንሳዩ ትምህርት ቤት ጻፊ፤ ቦታዬን ለአንድ ዓመት ታቆዩልኛላችሁ ወይ? ለኤፌል ታጩኛላችሁ? የክፍያ ቅናሽ አለ? የልምምድ ዓመት መውሰድ በእኔ ዲፕሎማ ይፈቀዳል? የመጨረሻውን "አይፈቀድም" ካሉሽ ንገሪኝ፤ ያን ጊዜ ምክሬ ይለወጣል።