«ያጠፋሁት እኔ እሆን?»

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። የ14 ዓመት ልጄ ከላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ግራና ቀኝ ያሉት አልበቀሉላትም፤ በራጅም ድዷ ውስጥ ምንም እንደሌለ ታይቷል። ከቡና ሽያጭ ያጠራቀምነውን ገንዘብ ይዤ ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) እንዲተከልላት ብለምን፣ ሐኪሙ «መጀመሪያ ዕድገቷን ትጨርስ» ብሎ መለሰኝ። ልጅ እየተሳቀቀች ዓመታት ጠብቁ ማለት ሕክምና ነውን? ሌላ ክሊኒክ ግን ዛሬውኑ እንትከልላት ይላል። ቡና ስታቀርብ ሰው ካነጋገራት ረከቦቱ ላይ አቀርቅራ፣ በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፍና ነው የምትመልሰው። የባለቤቴም አንዷ የፊት ጥርስ እንደ ሚስማር ቀጭን ናት፤ እሱን ግን ማንም ምንም ብሎት አያውቅም። አማቴ «የወተት ጥርሷን በክር እየነቀለች አመከነችው» ይላሉ። በእርግጥም በክር ነቅዬላታለሁ። ያጠፋሁት እኔ እሆን?

መልስ፦

እኅቴ፣ እንደ ዋዛ ጠቅሰው ያለፉት የባለቤትዎ ጥርስ ነው ጥያቄዎን የሚመልሰው። የቀጠነ ጥርስና ከነጭራሹ ያልበቀለ ጥርስ ብዙ ጊዜ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አብረው የሚታዩ፣ በዘር የሚወረሱ ናቸው። ቋሚው የፊት ጥርስ ድድ ውስጥ መሠራት የሚጀምረው ገና በሕፃንነት ስለሆነ፣ የእርስዎ ክር ያልነበረን ጥርስ ሊያመክን አይችልም። ይህንንም ባለቤትዎ ራሱ፣ ልጅቷ እየሰማች፣ ለእናቱ ይንገርልኝ።

ሐኪሙ ግን ልክ ነው። ኢምፕላንት ከአጥንት ጋር ስለሚጣበቅ መንጋጋዋ ሲያድግና ጎረቤት ጥርሶቿ አብረው ሲወርዱ እሱ ባለበት ይቀራል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አጥሮ ወደ ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ዛሬውኑ እንትከል ወደሚለው ክሊኒክ እባክዎ አይመለሱ። ሐኪሙ የሚወቀሰው ጠብቁ ብሎ በዝምታ ስለሸኛችሁ ነው፤ ምክንያቱም ጥርስ በሽቦ ለማስተካከል 14 ዓመት ጥሩ ዕድሜ ነው። ክራንቻዎቿን ወደ ፊት ስቦ፣ ቅርጻቸውን አስተካክሎ ክፍተቱን መዝጋት ይቻላል፤ ወይም ክፍተቱን አስተካክሎ በመያዝ ከጎን ካለው ጥርስ ጀርባ የሚጣበቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማድረግ ይቻላል። ንክሻዋና የክራንቻዎቿ ቅርጽ ከፈቀዱ፣ እኔ የቡናውን ገንዘብ ለመጀመሪያው ባወጣው እመርጣለሁ፤ የራሷ ጥርስ አብሯት ያረጃልና። ይህን የሚወስነው የጥርስ ማስተካከል ስፔሻሊስት ስለሆነ፣ ወደ እሱ የሪፈራል ወረቀት እንዲጽፍልዎ ሐኪሙን ይጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አሳዝኖኛል፤ በደብዳቤዎ የሐኪሙን፣ የክሊኒኩንና የአማትዎን ቃል ሲጽፉልኝ፣ የልጅቷን አንድ ቃል እንኳ አላገኘሁም። ከቀጠሮው በፊት የምትፈልገውን ይጠይቋት።