ፕሌይቡክን ሥራ ላይ ካለ ሰርቨር ርቆ መፈተን፦ ጥያቄና መልስ

አንሲብልን (ሰርቨሮችን በራስ-ሰር የሚያዋቅረውን መሣሪያ) ለሚጠቀሙ አንባቢያን መልስ የሰጠንባቸው ጥያቄዎች እነሆ። ሁሉም ፕሌይቡክ፣ ማለትም አንሲብል በተራ የሚያስኬዳቸው ታስኮች (ሥራዎች) የተጻፉበት ፋይል፣ የሚሞከርበትን ቦታ ስለማዘጋጀትና በዚያ ስለመፈተን ናቸው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም ነው ያለው። ለመሞከሪያ ዶከር ይበቃኛል ወይስ ቨርቹዋል ማሽን ልጫን?

መልስ፦ ፕሌይቡክዎ የሚነካው ነገር ነው የሚወስነው። ፓኬጅ መጫን፣ ፋይል መቅዳትና ቴምፕሌት (የሚሞላ የፋይል ንድፍ) መሙላት ብቻ ከሆነ ኮንቴይነር (ዶከር የሚያስነሳው የተነጠለ ቦታ) ይበቃል፤ በሰከንዶች ይነሳል፣ በሰከንዶች ይጠፋል። ኮንቴይነር ግን የራሱ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) የለውም፤ የሚሠራው በእርስዎ ማሽን ከርነል ነው። ስለዚህ የከርነል ቅንብር ወይም ፋየርዎል የሚቀይር ታስክ ብዙውን ጊዜ ይከለከላል፤ ሙሉ ፈቃድ ከሰጡት ደግሞ ለውጡ የራስዎን ማሽን ሊነካ ይችላል። በተለመዱት ኢሜጆች (የኮንቴይነር መነሻዎች) ውስጥ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ስለማይሠራ «ሰርቪሱን አስነሳ» የሚለው ታስክም ይወድቃል።

እንዲህ ያለ ሥራ ካለዎት ቫግራንትን (በቫግራንትፋይል በተጻፈው መሠረት ማሽን የሚፈጥረውን) ከቨርቹዋልቦክስ (ቨርቹዋል ማሽን ከሚያስኬደው) ጋር ይጠቀሙ። ለሦስት ማሽኖች እያንዳንዳቸው 1024 ሜጋባይት ራምና 1 ሲፒዩ ቢሰጡ ላፕቶፕዎ ይችለዋል። በቫግራንትፋይሉ ላይ «ሊንክድ ክሎን» የሚለውን ቅንብር ያብሩት፤ ማሽኖቹ አንድ መነሻ ዲስክ ስለሚጋሩ ብዙ ቦታ ይተርፍልዎታል።

ጥያቄ፦ ለማሽኖቹ በ10 የሚጀምር አይፒ ስሰጥ ቫግራንት «ከተፈቀደው ክልል ውጭ ነው» ብሎ ይቆማል። ድሮ ይሠራ ነበር።

መልስ፦ ከቨርቹዋልቦክስ 6.1.28 ጀምሮ በሊኑክስና በማክ ላይ ሆስት ኦንሊ ኔትዎርክ (ላፕቶፕዎንና ቨርቹዋል ማሽኖቹን ብቻ የሚያገናኘው) የሚቀበለው ከ192.168.56.0 እስከ 192.168.63.255 ያለውን ብቻ ነው። 192.168.56.10፣ 11፣ 12 እያሉ መስጠት ይቀላል። የግድ ሌላ ክልል ከፈለጉ በ«ኢቲሲ» ማውጫ ሥር «ቪቦክስ» የሚባል ፎልደር ፈጥረው በውስጡ «ኔትዎርክስ ዶት ኮንፍ» በሚል ስም ፋይል ያስቀምጡ፤ ክልሉንም ከፊቱ የኮከብ ምልክትና ባዶ ቦታ አድርገው ይጻፉበት።

ጥያቄ፦ ማሽኑን አጥፍቼ እንደገና ስሠራው ኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ማሽን መግቢያው) «የማሽኑ ማንነት ተለውጧል» እያለ አላስገባም ይለኛል።

መልስ፦ እውነቱን ነው፤ አዲሱ ማሽን በዚያው አይፒ ላይ አዲስ ቁልፍ ይዞ መጥቷል። በመሞከሪያው ፎልደር ውስጥ ባለው የአንሲብል ቅንብር ፋይል ላይ ብቻ የሆስት ቁልፍ ማጣራቱን ያጥፉት። ለእውነተኛ ሰርቨሮች በሚጠቀሙበት ፋይል ላይ በፍጹም አያጥፉት።

ጥያቄ፦ ፕሌይቡኬ መሃል ላይ ወደቀ። አርሜ ደግሜ ሳስኬደው ሁሉም አረንጓዴ ሆነ፤ ኢንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር ፕሮግራሙ) ግን አሁንም በአሮጌው ቅንብር ይሠራል። ለምን?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም ወደነዋል፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው በየሰርቨሩ ላይ ያለ ችግር ነውና። ምክንያቱ የሃንድለር፣ ማለትም ሌላ ታስክ ሲጠራው ብቻ የሚሠራ ታስክ፣ አሠራር ነው። ሃንድለር የሚጠራው ታስኩ ለውጥ ሲያደርግ ብቻ ነው፤ ተጠርቶም ወዲያው አይሠራም፣ የፕሌዩ (የፕሌይቡኩ አንድ ክፍል) ታስኮች እስኪያልቁ ይጠብቃል። በመጀመሪያው ዙር ቴምፕሌቱ የቅንብር ፋይሉን ቀየረ፣ ኢንጂንኤክስን ዳግም የሚያስነሳው ሃንድለርም ተጠራ። ቀጣዩ ታስክ ሲወድቅ ግን በዚያ ማሽን ላይ ሥራው ተቋረጠ፤ ሃንድለሩም ሳይሠራ ቀረ። በሁለተኛው ዙር ፋይሉ አስቀድሞ የተስተካከለ ስለነበር ታስኩ «ኦኬ» ብሎ አለፈ። ለውጥ ስለሌለ ሃንድለሩን የጠራው የለም። አዲሱ ቅንብር ዲስክ ላይ ተቀምጧል፣ አሮጌው ሜሞሪ ውስጥ እየሠራ ነው።

መፍትሔው ከቴምፕሌቱ ቀጥሎ የኢንጂንኤክስን የራሱን የቅንብር መፈተሻ የሚያስኬድ ታስክ፣ ከእርሱም ቀጥሎ «ፍላሽ ሃንድለርስ» የሚለውን ሜታ ታስክ ማስገባት ነው። ያኔ የተጠራው ሃንድለር እዚያው ይሠራል። «ፎርስ ሃንድለርስ» የሚባል ቅንብርም አለ፤ ታስክ ቢወድቅም የተጠሩት እንዲሠሩ ያደርጋል። እኛ ግን የመጀመሪያውን እንመርጣለን፤ ሁለተኛው ብቻውን ከሆነ የተበላሸ ፋይል ይዞ ሰርቪሱን ዳግም ሊያስነሳ ይችላል። መስተካከሉን ለማረጋገጥ ከፍላሹ በኋላ ሆን ብሎ የሚወድቅ ታስክ ያስገቡ፤ ያስኪዱ፤ ታስኩን አውጥተው ይድገሙ፤ ከዚያ አዲሱ ቅንብር ሥራ ላይ መዋሉን ከሌላ ማሽን በጥያቄ ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ በቼክ ሞድ (ምንም ሳይቀይር ምን እንደሚቀየር በሚያሳየው) ማስኬድ ብቻውን እንደ ፈተና ይቆጠራል?

መልስ፦ አይቆጠርም። በቼክ ሞድ የኮማንድና የሼል ታስኮች (ቀጥታ ትእዛዝ የሚያስኬዱት) ብዙውን ጊዜ ይዘለላሉ፤ ውጤታቸውን የሚጠብቁ ቀጣይ ታስኮችም ያለ ጥፋታቸው ይወድቃሉ። መረጃ ብቻ የሚያነብ ታስክ ከሆነ «ቼክ ሞድ፦ ፎልስ» ብለው በዚያም እንዲሠራ ያድርጉት።

ትክክለኛው ፈተና ከባዶ ማሽን ይጀምራል። ፕሌይቡኩን ያስኪዱ፣ ምንም ሳይነኩ ይድገሙት፤ በሁለተኛው ዙር የ«ቼንጅድ» ቁጥር 0 መሆን አለበት። 0 ካልሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት የሼል ታስኮች ናቸው፤ «ክሪኤትስ» ወይም «ቼንጅድ ዌን» ይጨምሩባቸው። ቀጥለው ማሽኑን ሪስታርት ያድርጉ። ሰርቪሱ «ስታርትድ» ተብሎ «ኢኔብልድ» (ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ) ካልተባለ ችግሩ የሚጋለጠው እዚህ ነው። ሞሌኩል የሚባለው የአንሲብል መፈተኛ መሣሪያ እስከ ድግግሞሹ ያለውን በራሱ ያከናውንልዎታል፤ የሪስታርቱን ግን እርስዎ ይጻፉለት።

ጥያቄ፦ ለሙከራ ያልኩት በስህተት እውነተኛው ሰርቨር ላይ እንዳይሄድ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኢንቬንተሪውን (የማሽኖቹን ዝርዝር) ለሁለት ይክፈሉት፣ በቅንብር ፋይሉ ላይ መደበኛው የመሞከሪያው እንዲሆን ያድርጉ። ኢንቬንተሪ መጥቀስ ቢረሱ ትእዛዙ የሚሄደው ወደ መሞከሪያው ነው። የቮልት (ሚስጥራዊ ፋይሎችን የሚቆልፈው የአንሲብል ክፍል) የይለፍ ቃሉም ለሁለቱ የተለያየ ይሁን፤ የእውነተኛው ፋይል በመሞከሪያው ቃል አይከፈትም። ከማስኬድዎ በፊትም «ሊስት ሆስትስ» የሚለውን አማራጭ ጨምረው የሚነኩትን ማሽኖች ስም ያንብቡ።