ለ11 ሰው ማደሪያ፦ አልጋ ሳይሆን በር ይቁጠሩ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ልጆቼ ሦስቱም አሜሪካ ናቸው። እኔና ባለቤቴ ቪዛ አግኝተን በነሐሴ እንሄዳለን። ልጆቹ «አንድ ላይ ሆነን ዲዝኒ ወርልድ እንወስዳችኋለን» ብለው ተነሱ፤ እሰየው አልኩ። ማደሪያው ላይ ግን ተጣሉ። ትልቋ «እዚያው ዲዝኒ ግቢ ካልሆነ አልሄድም» ትላለች። ወንዱ «ዲዝኒ አቅራቢያ ኪሲሚ የሚባል ከተማ ሙሉ ቤት እንከራይ፣ በርካሽ» ይላል። ትንሿ ዝም ብላለች፣ እሷ ምን አለባት፣ አትከፍልም። በጠቅላላው 11 ነን። ትልቋ ከባሏና ከ3 ልጆቿ ጋር (9፣ 6 እና 4 ዓመት)፣ ወንዱ ከሚስቱና ከ8 ወር ሕፃን ጋር፣ ትንሿ፣ እኔና ባለቤቴ። ባለቤቴን ጉልበቱን ያመዋል። የትልቋ ባል ሙስሊም ነው፣ እኛ ደግሞ ፍልሰታን እንጾማለን። አሁን ቴሌግራም ላይ «እማዬ ትፍረድ» ተባለ። እኔ ስለ ዲዝኒ የማውቀው አይጡን ብቻ ነው። ምን ልበላቸው?
የ4 ልጆች አያት፣ ከደሴ

መልስ፦ እትዬ፣ አብሽሩ። ልጅ ሲጣላ ከኖረ በማደሪያ መጣላቱ ደግ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎት። 11 ሰው ሲተኛ ችግር የለውም። ችግሩ 11 ሰው ሲነሳ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁሉም ሽንት ቤት ይፈልጋል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ አንዱ ጫማው ይጠፋበታል፣ ባለቤትዎ ደግሞ ቁርስ ሳይበሉ መድኃኒት አይውጡም። እኔ ይህን የተማርኩት በሠርግ ነው። አንድ ጊዜ 14 ሆነን ለዘመድ ሠርግ ሌላ ከተማ ሄድን። ስሙን የማልጠራው ሆቴል «አንድ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን እሰጣችኋለሁ» ብሎ ቀብድ ተቀበለና ስንደርስ 3 ፎቅ ላይ በተነን። እናቴ ሌሊት ክፍሏን ስታ የማታውቀውን ሰው በር አንኳኳች። ስድስት ሴቶች በአንድ መታጠቢያ ቤት ተሰልፈው ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ አልደረስንም። ከዚያ ወዲህ የትም ስሄድ «ስንት አልጋ አለው» ብዬ አልጠይቅም። ስንት የሚዘጋ በር፣ ስንት መታጠቢያ ቤት ነው ጥያቄዬ።

አሁን ወደ ዲዝኒ። ዲዝኒ ወርልድ አንድ መናፈሻ አይደለም። ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አጠገብ ያለ፣ በ1971 የተከፈተ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሰፊ ቦታ ነው። ውስጡ 4 ትልልቅ ፓርኮች አሉ፣ ሆቴሎቹም ብዙ ናቸው። ስለዚህ «ዲዝኒ ግቢ ውስጥ» ማለት በር ከፍቶ ፓርክ ውስጥ መግባት ማለት አይደለም፤ ከብዙዎቹ ሆቴሎች አውቶቡስ ተሳፍረው ነው የሚሄዱት።

ትልቋ ልጅዎ ግን ያለምክንያት አልተሟገተችም። በዲዝኒ ሆቴል ያደረ ሰው በየቀኑ ከሌላው ሕዝብ 30 ደቂቃ ቀድሞ ፓርክ ይገባል። በነሐሴ ሙቀት ያቺ ግማሽ ሰዓት ቀላል አይደለችም፣ ሰልፉ ሳይረዝም ሁለት ጨዋታ ታስጨርሳለች። የፓርክ መኪና ማቆሚያም አይከፍልም። ደግሞ አውቶቡሱ በር ድረስ ያደርሳል። በራስ መኪና ሲሄዱ ዋናው ፓርክ፣ ያ ግንብ ያለበት ማጂክ ኪንግደም፣ መኪና ማቆሚያው ሩቅ ነው፤ ከዚያ እንደገና በባቡር ወይም በጀልባ ይሻገራሉ። ለሚያመው ጉልበት ይህ ሁሉ ይቆጠራል።

ታዲያ 11 ሰው የት ይግባ? ተራው ርካሽ ክፍል 4 ሰው ነው የሚይዘው፣ እሱን ይርሱት። ቀጥሎ ያለው የቤተሰብ ስዊት የሚባለው ነው፤ አርት ኦፍ አኒሜሽን የሚባል ሆቴል ውስጥ አለ፣ ኦልስታር ሚዩዚክ ውስጥም አለ። አንዱ ስዊት 6 ሰው ይይዛል፣ 2 መታጠቢያ ቤት አለው። ሁለት ስዊት ቢይዙ 12 ሰው፣ 4 መታጠቢያ ቤት። ወረቀት ላይ ልክክ ይላል አይደል? እዚህ ላይ ነው በር ይቁጠሩ የምለው። የስዊቱ መኝታ ቤት አንድ ብቻ ነው። የቀረው ሰው ሳሎን ይተኛል፣ በተዘረጋ ሶፋ ላይ፤ አርት ኦፍ አኒሜሽን ውስጥ ደግሞ ሌላኛው አልጋ ቀን ቀን የምግብ ጠረጴዛ ነው፣ ማታ ከግድግዳ ይወርዳል። ስለዚህ እናንተ አዛውንቶቹ ከወንዱ ልጅ ጋር አንድ ስዊት ብትገቡ በሩን የሚያገኘው ማን ነው? ባለሕፃኖቹ ወይስ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ባለቤትዎ? ያ ሌላ ጠብ ነው። በዚያ ላይ ምድጃ የለም። ማይክሮዌቭና ትንሽ ፍሪጅ ብቻ። ሽሮ በማይክሮዌቭ ልትሠሩ ነው?

ምድጃ ያለው ቪላ ነው። ዲዝኒ ባለ 2 መኝታና ባለ 3 መኝታ ቪላዎች አሉት፤ ሙሉ ወጥ ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሁሉ አላቸው። ባለ 2 መኝታው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው 8 ወይም 9 ሰው ነው። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በራሱ ትንሽ አልጋ ከተኛ አይቆጠርም፣ ግን ያለሕፃኑም 10 ናችሁ፤ አይበቃም። ባለ 3 መኝታው ግራንድ ቪላ 12 ሰው ይይዛል፣ ለእናንተ የተሠራ ይመስላል። ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ደግሞ ኦልድ ኪ ዌስት በሚባለው የዲዝኒ ሆቴል ያለውን የመሰሉት ውስጣቸው ፎቅ ነው፣ ደረጃ አላቸው። ልጅዎ በዚህ ከጸናች የዲዝኒ ቪላ አባላት ነጥባቸውን ለሌላ ሰው ያከራያሉ፣ ከሆቴሉ ዋጋ በብዙ ይቀንሳል። ግን አብዛኛውን ጊዜ ብሩ አይመለስም፤ የስምንት ወር ሕፃን ይዞ ደግሞ ማን ነው እርግጠኛ የሚሆነው።

በነገራችን ላይ አኒማል ኪንግደም ሎጅ የሚባል አለ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ቀጭኔና የሜዳ አህያ ሲግጥ ያያሉ። ያምራል። ከወሎ ተነስቶ ፍሎሪዳ ድረስ ሄዶ የአፍሪካ አውሬ ለማየት ዶላር መክፈል ግን፣ እኔን ያስቀኛል።

ወንዱ ልጅዎ ወዳለው ልምጣ። ኪሲሚና ዳቨንፖርት ዙሪያ ለእንግዳ የሚከራዩ ቤቶች ሞልተዋል። 5 እና 6 መኝታ ያለው፣ ሰፊ ወጥ ቤት፣ ጓሮ ዋና ገንዳ ያለው ቤት ማግኘት ከባድ አይደለም፤ ለ11 ሰው ሲካፈል ከዲዝኒ ቪላ ጋር አይወዳደርም። ሁሉም በሩን ዘግቶ ይተኛል። እርስዎ የጾሙን ለብቻ፣ አማችዎ ሐላሉን ለብቻ ይሠራሉ፣ ማንም ማንንም አያስቸግርም፣ ወሎ ቤትዎ ያሉ ይመስልዎታል። ማታ ሁሉም ሳሎን ተሰብስቦ ቡና ይጠጣል። ለእኔ ይሄኛው ትልቁ ነገር ነው። ሁለት ስዊት ተከፋፍላችሁ ብትገቡ አቦሉን አንዱ ጋ፣ ቶናውን ሌላው ጋ ልትጠጡ ነው?

የቤቱ ጣጣ ሌላ ነው። ማስታወቂያው ሁሉ «ዲዝኒ አጠገብ» ይላል። አይመኑ። ልጆቹ አድራሻውን ካርታ ላይ አስገብተው እስከ ማጂክ ኪንግደም መኪና ማቆሚያ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይዩ፣ ያውም በጠዋት ሰዓት። ገንዳው አጥር ወይም በር ሲከፈት የሚጮህ ደወል ከሌለው የ4 ዓመት ልጅ ይዞ አይገባም፤ ይህን በጽሑፍ ይጠይቁ። የጽዳት ክፍያ አለ፣ መጀመሪያ ከሚታየው ዋጋ ላይ ይደመራል። ግብርም አለ፣ ኪሲሚ ባለበት ኦሲዮላ ካውንቲ 13.5 በመቶ ነው። (ዲዝኒም አያመልጡትም፣ አብዛኞቹ ሆቴሎቹ 12.5 በመቶ ያስከፍላሉ።) መኪናም ሁለት ያስፈልጋል፣ አራቱ ልጆች የራሳቸው መቀመጫ ይፈልጋሉና። ከልጆችዎ ቨርጂኒያ የሚኖሩ ካሉና በመኪና ከመጡ 850 ማይል ገደማ ነው፣ አንድ ሙሉ ቀን መንዳት። ግን እንጀራ ጭነው ይመጣሉ፤ እሱ ደግሞ ትንሽ ጥቅም አይደለም።

እንግዲህ ፍርዱ፦ ቤቱ ይሁን። ግን በቅድመ ሁኔታ። አንደኛ፣ ምድር ቤት መኝታ ክፍል ከነመታጠቢያው ያለበት ቤት ብቻ፤ እሱ የእርስዎና የባለቤትዎ ነው፣ ድርድር የለም። ሁለተኛ፣ ወንዱ ልጅ ስላሸነፈ ሹፌሩ እሱ ነው፣ ሰልፉን ለመቅደም በሌሊት የሚቀሰቅሰውም እሱ ነው። የትኛው ፓርክ በየትኛው ቀን የሚለውን ትልቋ ትወስን፣ እሷ አጥንታዋለች። ሦስተኛ፣ ሒሳቡ በሰው ቁጥር አይከፈል። በሰው ከተከፈለ ባለ 3 ልጇ ታለቅሳለች። በክፍል ይከፈል፣ ማን ስንት በር ያዘ በሚለው። የእናንተን ክፍል ሦስቱ ይካፈሉት። ዝም ያለችው ትንሿ ደግሞ አስቤዛውን ትሸፍን፣ ያኔ አፏን ትከፍታለች።

ትኬቱ ላይም አንድ ሁለት ነገር። ሕፃኑ በነጻ ይገባል፣ ከ3 ዓመት በታች አይከፈልም። ከ3 እስከ 9 የልጅ ዋጋ ነው። ባለ 9 ዓመቱ ከጉዞው በፊት 10 ከሞላው የአዋቂ ይከፍላል፣ ልደቱ መቼ ነው? እርስዎና ባለቤትዎ ደግሞ በየቀኑ ትኬት አያስፈልጋችሁም። አንድ ቀን ማጂክ ኪንግደም ግቡ፣ በር ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ይከራያል፣ አባወራውን እንዳያፍሩ ይንገሯቸው፣ እዚያ ሁሉም ይከራያል። ሌላ ቀን ዲዝኒ ስፕሪንግስ የሚባለው የሱቅና የምግብ ሰፈር አለ፣ መግቢያም መኪና ማቆሚያም ነጻ ነው።

ወበቁን አይናቁት። ከደሴ ጉም ወጥተው ነው የሚሄዱት። የነሐሴ ፍሎሪዳ ባቲ ላይ የእንፋሎት ምጣድ የተከደነበት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነጎድጓድ ያለው ዝናብ ይመጣል። የአውሎ ነፋስ ወቅትም ነው፣ ስለዚህ ከተሰረዘ ብር የሚመልስ ቤት ይፈልጉ። ጠዋት ፓርክ፣ ቀትር ላይ ቤት ገብቶ መተኛት፣ ቤት የያዘ ሰው ጥቅሙ ይኸው ነው።

ሻንጣ ሲያዘጋጁ ቋንጣ አይያዙ፣ ሥጋ ስለማይፈቀድ ኤርፖርት ይወስዱብዎታል። ቡናውን ቆልተው ይያዙ። በርበሬና ሽሮውንም ሲጠይቁ ይናገሩ፣ አይደብቁ። ከሰልና ዕጣን ግን ቤት ውስጥ አይሞከርም። የጭስ ደወሉ ይጮሃል፣ ከዚያ ሰፈሩን ሁሉ አስነስተው የእሳት አደጋ መኪና ነው የሚመጣልዎት። ጀበናው ምድጃ ላይ ይፈላ፣ ዕጣኑን ደሴ ሲመለሱ ያጨሱታል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ 18 የሥራ ባልደረቦች ለገና ላሊበላ ልንሄድ ነው። ሆቴል እንያዝ ወይስ እዚያው ደርሰን እንፈልግ?
ለ18ቱ የተመረጥኩት ገንዘብ ያዥ

መልስ፦ ደርሳችሁማ አትፈልጉ! ለገና ላሊበላ የሚገባው ሕዝብ ከአገር ዙሪያ ነው፤ ብዙው ምዕመን ድንኳን ውስጥና ደጅ ነው የሚያድረው። ቀድማችሁ ያዙ። ቀብዱን በባንክ አስገቡና ደረሰኙን አስቀምጡ፣ በስልክ «እሺ፣ ተይዟል» ብቻ ከሆነ ያዥው አንተ ነህና ነገ የሚሰደበው አንተ ነህ።

ስትጠይቁ ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣና ጄኔሬተር መኖሩን ጠይቁ። ከ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በእግር የሚደረስ ይሁን፣ ምክንያቱም ሌሊቱን በቅዳሴ አድራችሁ ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል ማየት ነው ቁም ነገሩ፣ ያኔ መኪና መንገዱ ላይ አይንቀሳቀስም። በዚያች ሌሊት አልጋችሁ ላይ የምትተኙት ስንት ናችሁ? ስለዚህ ለ18 ሰው 18 አልጋ አትክፈሉ፤ አንድ ክፍል ለሦስት ይዛችሁ በፈረቃ ማረፍ ይበቃል፣ ሴቶቹን ለብቻ አድርጉ። መንገዱን ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ መስመር ከሚሠሩ ሾፌሮች አጣሩ፣ ማታም አትጓዙ። ጋቢ ያዙ፣ የታኅሣሥ ሌሊት እዚያ ብርዱ አጥንት ድረስ ነው፣ ሆቴሉ የሚሰጠው ብርድ ልብስ ለኮምቦልቻ ልጅ አይበቃውም።