ፈልሳፊው ሌላ፣ ሻጩ ሌላ

ጥያቄ፦ የሊቲየም ባትሪ የተፈለሰፈው በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በጃፓን ነው ይባላል። ታዲያ አዲስ አበባ ላይ የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪ እንዴት የቻይና ሆነ? ቀመሩ ተሰርቆ ነው?

መልስ፦ ቀመሩማ በሳይንስ መጽሔት የታተመ ነው፤ ምኑ ይሰረቃል! ኮባልት የተባለው ማዕድን የሚገባበትን የሊቲየም ባትሪ መሠረት የሳይንቲስቱ የጆን ጉድኢናፍ ቡድን ኦክስፎርድ ላይ የጣለው በ1980 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዩኒቨርሲቲው ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ለማውጣት እንኳ አልፈለገም። ገበያ ያወጣው በ1991 የጃፓኑ ሶኒ ነው። ሶኒ የካሴት ክር ሲሠራ የኖረ ስለሆነ፣ ዱቄትን ከማጣበቂያ ጋር ለውሶ በስስ ነገር ላይ ወጥ አድርጎ መቀባት ያውቅበታል። የባትሪም ዋናው ሥራ ይኸው ነው።

ቅቡ ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለፖዘቲቩ ዋልታ ዱቄቱ እንደ ሊጥ ተቦክቶ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ውፍረት ባለው የአሉሚኒየም ፎይል ላይ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ በሮለር ይዳመጣል። ለኔጌቲቩ ግራፋይት በመዳብ ፎይል ላይ ይቀባል፤ አቅሙም ከፖዘቲቩ 10 በመቶ ገደማ እንዲበልጥ ይደረጋል። ግራፋይቱ የሳሳበት ቦታ ካለ፣ ባትሪው ሲሞላ ሊቲየሙ መግቢያ ያጣና ላዩ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል፤ ውሎ አድሮ ሁለቱን ዋልታዎች የሚለየውን ስስ ፕላስቲክ ወግቶ ሾርት ያደርጋል። እርጥበት ከገባ ደግሞ የኤሌክትሮላይቱ (በዋልታዎቹ መካከል ያለው ፈሳሽ) ጨው ወደ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይለወጣል። ስለዚህ የክፍሉ አየር፣ የጤዛ ነጥቡ (እርጥበቱ ጤዛ የሚሆንበት ሙቀት) ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ እስኪደርስ ይደርቃል። ይህ ሙያ የሚገኘው ብዙ ሴል (ባትሪ የሚገጣጠምበት ነጠላ ክፍል) ተበላሽቶ፣ ብዙ ተጥሎ ነው።

አሜሪካ የተሰናከለችው እዚህ ላይ ነው። ኮባልት የሌለው የብረት ፎስፌት ባትሪ (ኤል ኤፍ ፒ) የወጣው ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያው ከጉድኢናፍ ቡድን ነው። በ2001 የተቋቋመው የአሜሪካው ኩባንያ ኤ123 ሲስተምስ በዚሁ ዓይነት ሴል ላይ ተነሣ፤ መንግሥትም 249 ሚሊዮን ዶላር ድጎማ መደበለት። በ2012 ሚሺጋን ባለው ፋብሪካው አንድ የብየዳ ማሽን ልኬቱ ተዛብቶ ኖሮ፣ የተበላሹትን ባትሪዎች ለመተካት 55 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተጠየቀ። በዚያው ዓመት ከሰረ፤ የገዛው የቻይናው ዋንሺያንግ ነው።

በ1995 የተመሠረተው የቻይናው ኩባንያ ቢዋይዲ በበኩሉ ውዱን የጃፓን ማሽን ትቶ፣ ሥራውን በትንንሹ ከፋፍሎ በሰው እጅ በስልክ ባትሪ ጀመረ። የቻይና አምራቾች ለውስጥ ገበያ እስከሠሩ ድረስ የኤል ኤፍ ፒ ፓተንት ክፍያ አልተጠየቁም። ዋና ዋናዎቹ ፓተንቶች በ2022 ሲያበቁ ፋብሪካው ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

ጥያቄ፦ እኛስ ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ሴል ከመሥራት ሳይሆን የተሠራውን ሴል ባትሪ አድርጎ ከመገጣጠም። 16 የኤል ኤፍ ፒ ሴል በተከታታይ ሲያያዝ 51.2 ቮልት ይሰጣል። ጣጣው ሴል መምረጡ ላይ ነው፦ ብዙዎች በቮልት ይለካሉ፤ የኤል ኤፍ ፒ ቮልት ግን ግማሽ ሲሞላም ሩብ ሲቀረውም ያው ስለሚመስል አይለይም። እያንዳንዱን ሞልቶ፣ አውርዶ አቅሙንና ውስጣዊ ሬዚስታንሱን (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግድበትን መጠን) መለካት ግድ ነው። ከ16ቱ አንዱ ከደከመ መቆጣጠሪያ ቦርዱ ሙሉውን ባትሪ በእሱ ልክ ያቋርጠዋል።