ዛፉ የኛ ነው፣ መቁረጥስ? ጥያቄና መልስ

ለዓመታት በወረዳ የደን ባለሙያነት ሠርቻለሁ። በገጠር ይዞታ ስላሉ ዛፎችና ስለ ሕጉ ጠይቁኝ። ስትጠይቁ ቦታው የት እንደሆነና ዛፉ በማን ይዞታ እንዳለ ጻፉ።

የማርቆሱ፦ ጋሼ፣ አባቴ የተከለው ዋንዛ በደብተር በያዝነው ማሳ ላይ ነው። ጣውላ ብናወጣው ማን ይከለክለናል?

መልስ፦ መሬቱንና ዛፉን ለይተህ እየው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በጉልበትህና በገንዘብህ ያፈራኸው ንብረት ግን ያንተ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ አስቀምጦታል። ስለዚህ ዛፉ የአባትህ ነው። እንጨቱን ማጓጓዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የ1986ቱ አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አሁን የሚሠራው የ2010ሩ አዋጅ ቁጥር 1065 ነው፤ የግል ደንንም ያውቃል። ኬላ ላይ የቆመው ሰው ግን ጣውላው ከማሳ ይምጣ ከደን በዓይኑ አይለይም። ወረቀት ነው የሚለይለት።

አንድ አባት ራሳቸው የተከሉትን ዋንዛ አስሰንጥቀው ያለ መሸኛ (የማጓጓዣ ፈቃድ ወረቀት) ጫኑ። ጣውላው ኬላ ላይ ተራግፎ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ መታው። በኋላ ሳየው ጠቁሮ ተጣሟል። አባትዬው አጠገቡ ቆመው በእጃቸው ይዳብሱት ነበር። እባካችሁ፣ መሸኛ ሳትይዙ አትጫኑ።

ደግሞ ከመቁረጥህ በፊት አስብበት። ዋንዛ ሲያብብ ንቡን አይተኸዋል? ቅጠሉ ማሳህ ላይ ረግፎ አፈር ይሆናል። ቅርንጫፉን መልምለህ ግንዱን ብታቆየው ደስ ይለኛል።

ሰላም ነኝ፦ ዛፍ መቁረጥ ወንጀል ነው?

መልስ፦ የትኛው ዛፍ? የት? የማን?

የደብረ ታቦሯ፦ የደብራችንን ደን ከብት እየጨረሰው ነው። ሕጉ አይጠብቀውም?

መልስ፦ እህቴ፣ ሕጉ ሌት ተቀን አይቆምልሽም፤ አጥር ግን ይቆማል። እዚያው ደቡብ ጎንደር የደን ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከገበሬዎች ጋር ሆነው ብዙ አድባራትን በድንጋይ አሳጥረዋል። ድንጋዩ ከየማሳው የተለቀመ ነው። ገበሬው ማሳው ጠራለት፣ ከብት ወደ ደኑ አልገባ አለ፣ ቡቃያውም ከሥር ቀና አለ። ሰበካ ጉባኤያችሁ እዚያ ሄዶ ይይ። ድንበሩንም ከቀበሌው ጋር አስለክታችሁ በጽሑፍ ያዙ።

የእንጅባራው፦ ሁሉም ባህር ዛፍ እየተከለ ነው። ምንጫችን ደረቀ። በአዋጅ ይከልከል!

የማርቆሱ፦ ልጆቼን ያስተማርኩት በባህር ዛፍ ነው። ጤፍ እንዲህ ያለ ብር አያመጣም።

የእንጅባራው፦ የጎረቤትህ ማሳስ? ሥሩ ድንበር አያውቅም።

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ከምንጭና ከሰው ማሳ አርቃችሁ ትከሉ። ርቀቱን የክልላችሁ የመሬት መመሪያ ላይ እዩ። አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ።

አዲስ ገቢ፦ ጣውላ ወደ ከተማ ልወስድ ነበር፣ ወረቀት ያስፈልጋል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። መሸኛ ሳትይዝ አትጫን።

የወረታው፦ መንገድ በማሳችን ሊያልፍ ነው። ዛፎቹን ቀድመን እንቁረጥ?

መልስ፦ አትንኩ! በ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ካሣ የሚከፈለው መሬቱ ላይ ላለው ንብረት ጭምር ነው። ላልተቆጠረ ዛፍ አይከፈልህም። ሲቆጠር አብረህ ቁም። ቁጥሩን ሳታነብ አትፈርም።